ኪስ ውስጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት

«ስልክ ገባ፣ ንባብ ወጣ» የሚለውን ሙሾ ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በመጽሐፍ ምረቃ መድረክ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ሳያወርደው አይቀርም። የዛሬ ልጅ አያነብም፤ ዓይኑ ስልክ ላይ ተተክሎ ቀርቷል፤ የወረቀት ሽታ አያውቅም፤ ድሮ እኮ እኛ... እያለ ይቀጥላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። አጨብጭቦ ሲወጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን መክፈት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ማለት አይከብድም። አራት ኪሎ ወርዶ አዲስ ልብ ወለድ መግዛት ይቻላል። ገንዘብ ያጠረው ሰው በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ይህ ሁሉ እያለለት መጽሐፍ የማይነካ ሰው ቢወቀስ ይበለው ያሰኛል። ሙሾውን ይዘን ወደ ኪራሙ ስንሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ኪራሙ በምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምቴ ወደ ሰሜን፣ ዐባይ ጠርዝ ላይ ያለ ወረዳ ነው። ዐባይን የተሻገረ ጎጃም ይገባል። ገበያው ላይ ኦሮምኛውም አማርኛውም ይሰማል። እንዲህ ባሉ የወረዳ ከተሞች «መጽሐፍ አለ?» ብሎ ሱቅ የገባ ሰው የሚወጣለት ደብተር፣ የተማሪ አጋዥ መጽሐፍ፣ ቢበዛ የጸሎት መጽሐፍ ነው። ልብ ወለድ የፈለገ ነቀምቴ ለሚሄድ ሰው አደራ ይላል። አደራ ተቀባዩ ደግሞ ሳሙናውን፣ ዘይቱን፣ የልጆቹን ጫማ ሲያሯሩጥ ይውልና መጽሐፉን ይረሳዋል፤ ካልሆነም ያላዘዙትን ይዞ ከተፍ ይላል። ይህም መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በኪራሙና በአካባቢው በተደጋጋሚ ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል።

ከዚያው ተፈናቅሎ ነቀምቴ የተጠጋ አንድ ወጣት መምህር አግኝቼ ስለ ንባብ አጫውቶኝ ነበር። «ጋሼ፣ ስንወጣ መጽሐፍ ማን ይሸከማል? እኔ እናቴን ነው የደገፍኩት» አለኝ። «አንድ ካርቶን መጽሐፍ ነበረኝ፤ የት እንደደረሰ እንጃ። ስልኬ ውስጥ ያሉት ግን አብረውኝ ወጡ።» ስንት ይሆናሉ ብለው «መቶ አይሞሉም ብለህ ነው?» ብሎ ሳያስበው አንተ አለኝና ደንግጦ ሳቀ። ከዚያ አንድ በአንድ አሳየኝ። ፍቅር እስከ መቃብር አለ። ኦሮማይ አለ። የአዳም ረታ ሥራዎች አሉ። ዴርቶጋዳ አለ። በኦሮምኛ የተጻፉ ልብ ወለዶችም አሉ። «ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አነባለሁ፤ መብራት ቢኖር ባይኖር ግድ የለኝም» አለ። እስቲ ለዚህ ልጅ «የወረቀት ሽታ አታውቅም» ብሎ የሚገሥጸው ማን ነው?

ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ቀን ድረስ በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተዘግቶ ነበር። በምሥራቅ ወለጋ ስልክ የሚሠራው በትልልቅ ከተሞች ብቻ ሲሆን፣ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ሦስት ወር ቴሌግራሙም ፌስቡኩም ድርግም ሲል፣ አስቀድሞ የተጫነ መጽሐፍ ግን ሲከፈት ከረመ። ወሬ ማቀበያነቱ የተነጠቀ ስልክ መጽሐፍነቱ ቀርቶለት ነበር ማለት ነው።

ደግሞስ ልብ ወለዳችን መቼ ነው ከአንድ ዓይነት ወረቀትና ከአንድ ዓይነት ማሽን ጋር ተጋብቶ የኖረው? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ ነው። በኋላ ነቀምቴ መጥቶ ያስተማረው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ አስቴር ጋኖ እያገዘችው ወደ ኦሮምኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው ስዊዘርላንድ ነው። የሚነበብ ነገር በባዕድ ማሽን ተሠርቶ ወደዚህ አገር መግባቱ ዛሬ አልተጀመረም። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርም በ1958 ዓ.ም. ታትሞ መጽሐፍ የሚገዛው ሰው እጅ ገባ፤ በየመንደሩ የታወቀው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር ከጉዱ ካሳ ጋር የተዋወቀው በሬዲዮ ነው። ያኔ «ሬዲዮ ልብ ወለድን ገደለው» ብሎ ሙሾ ያወረደ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

እንግዲህ ጥያቄው በስልክ ይነበብ አይነበብ አይደለም። እየተነበበ ነው። ጥያቄው የሚነበበው ምንድን ነው? በምን ሁኔታ ነው? ማንስ ይከፈለዋል? የሚል ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ሌላው ዓለም የሚያነብበትን መሣሪያ ማወቅ ይጠቅማል።

አማዞን የመጀመሪያውን ኪንድል ለገበያ ያወጣው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው፤ በ399 ዶላር። የዚህ ማንበቢያ ገጽ እንደ ስልክ ዓይን ላይ የሚያበራ አይደለም። በጣም ደቃቅ በሆኑ እንክብሎች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ጥቁሩ ወይም ነጩ ወደ ላይ ይወጣና ፊደል ይሆናል። ፊደሉ አንዴ ከቆመ በኋላ ቀጣዩ ገጽ እስኪገለጥ ድረስ ኃይል አይጠይቅም። ስለዚህ አንዴ የተሞላ ባትሪ ሳምንታት ይቆያል፤ ጠራራ ፀሐይ ላይም እንደ ወረቀት ይነበባል። መብራት ሄደ መጣ በሚባልበት አገር ከዚህ የተሻለ ዕቃ ከየት ይመጣል?

እኔም ውጭ የሚኖር ዘመድ ባመጣልኝ አንድ አሮጌ ኪንድል በእንግሊዝኛ ብዙ ልብ ወለድ ጨርሻለሁ። ደስታው የእውነት ነው። ደወል የለው፣ መልእክት የለው፤ ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ብቻዬን ጥሎኝ ይሄዳል። ፊደሉን እንዳሻኝ አተልቃለሁ፤ መነጽር ፍለጋ ቤት አላተራምስም። ወፍራም መጽሐፍ ደረቴ ላይ ሳይወድቅብኝ ተጋድሜ አነባለሁ።

አማርኛ ላይ ስደርስ ደስታው እዚያው ይቋረጣል። ከሰው ለሰው የሚተላለፈውን ፋይል ስከፍት የማገኘው የመጽሐፍ ፎቶ ነው። አንዱ መጽሐፉን ገልጦ በስካነር አንሥቶታል፤ አንዳንዴ የአንሺው አውራ ጣት ጭምር ገጹ ላይ አለ። ፎቶ ስለሆነ ፊደሉ ብቻውን አይተልቅም። ባተልቀው ገጹ ከመስኮቱ ያልፋል። መስመሩን ለመጨረስ ወደ ቀኝ እጎትታለሁ፤ ቀጣዩን ለመጀመር ወደ ግራ እመልሳለሁ። ንባብ መሆኑ ቀርቶ እርሻ ይመስላል፤ ሂድ ተመለስ፣ ሂድ ተመለስ!

ድብዘዛውም ለኛ ፊደል ይከፋል። ድምፁን የሚለየው አንዲት እግር፣ አንዲት ቀለበት፣ አንዲት ቅጥያ ናት። ፎቶው ሲደበዝዝ «ወደደ» እና «ወደዱ» አንድ ይሆናሉ። በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ታሪክ ውስጥ ይህች ቅጥያ ብትጠፋ ማን ማንን እንደወደደ ግራ ይገባል። በቁቤ የሚጻፈው ኦሮምኛ ፊደሉ ላቲን ስለሆነ ማንኛውም ማንበቢያ ላይ ያለ ችግር መነበብ የሚችል ነበር፤ መምህሩ ስልክ ላይ ያየኋቸው የኦሮምኛ ልብ ወለዶች ግን እነርሱም ያው ፎቶ ነበሩ።

«ቴክኖሎጂው ለፊደላችን አልደረሰም» የሚል ካለ ሰበብ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በድሮዎቹ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተለቀሙ መጻሕፍትን ወደ ዩኒኮድ መመለስ ድካም አለው እንጂ የማይቻል ነገር የለበትም። የዛሬ መጻሕፍት ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄዱት ከኮምፒውተር ነው። ንጹሑ ፋይል አሳታሚው ዘንድ አለ። አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው ግን የዚያው ፋይል ሕትመት፣ የሕትመቱ ፎቶ ነው። ውኃው ምንጩ ላይ ጠርቶ ሳለ እኛ የምንጠጣው ከብት ከረገጠው ነው።

ሁሉም ልብ ወለድ በዚህ ሁኔታ እኩል አይጎዳም። የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ ሩጫ ነው፤ ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው በሚል ጉጉት ስለሚጎትት፣ ስልክ መሐል ገብቶ ቢጮህም አንባቢው ተመልሶ ይይዘዋል። ፍቅር እስከ መቃብር ግን ዝግ ያለ ነው፤ የሰዎቹን ረጅም ጭውውት እስከ መጨረሻው የሚሰማ ትዕግሥተኛ ጆሮ ይፈልጋል፤ በየአምስት ደቂቃው መልእክት የሚገባበት ስልክ ላይ ግማሽ ጣዕሙ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው አዳም ረታ ነው። የእርሱ ልብ ወለድ በግርጌ ማስታወሻ ወርዶ፣ ሌላ ወሬ ይዞ የሚመለስ ነው። በደንብ በተሠራ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቁጥሩን ነክቶ ወርዶ መመለስ ነበር፤ ስልክ ላይ ባለ ፎቶ ግን የወረደ አንባቢ የመጣበትን አያገኝም። ከዚያ «አዳም ይከብዳል» ይባላል። የከበደው አዳም ነው ወይስ ፎቶው?

የኦሮማይን ነገር ደግሞ ለብቻው ልናገር። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን በእጅ በእጅ እየዞረ ኖረ። ያኔ ይህ ስልክ ቢኖር መንግሥት ምኑን ይሰበስብ ነበር እላለሁ። በ2025 እ.ኤ.አ. ኦሮማይ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍነትም ተሸጠ። ልብ በሉልኝ! የለንደን ሰው ኦሮማይን ገዝቶ፣ ፊደሉን አተልቆ፣ ተደላድሎ ያነበዋል። የኪራሙ ሰው ግን ያንኑ መጽሐፍ በተጻፈበት ቋንቋ ሊያነብ ሲፈልግ የሚያገኘው የደበዘዘ ፎቶ ነው። ከዚህ የባሰ ምን ንቀት አለ?

አሁን ወደ ደራሲው ኪስ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉትም በዚያው ዓመት ነው። አዋጁ ለደራሲ የሚሰጠው ጥበቃ ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚቆይ፣ ፍቅር እስከ መቃብር እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት አለው። ያለ ፈቃድ መጽሐፉን አንሥቶ ለሺህ ሰው የሚበትነው ሰው «ለሕዝብ ጥቅም ነው» ቢልም የሰው ሀብት እየበተነ ነው። ባለ መደብሩ ከደጃፉ ሳለ፣ ለማኪያቶ የሚከፍለውን ብር ለመጽሐፍ ሰስቶ ፋይል የሚያሳድደውን የአዲስ አበባ አንባቢም ከዚህ አልለየውም። ሌብነት ነው።

መምህሩን ግን ሌባ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም። «የሚሸጥልህ ብታገኝ ትገዛ ነበር?» አልኩት። «በቴሌብር ሃምሳ ብር፣ መቶ ብር እከፍላለሁ ጋሼ፤ ማን ሸጠልኝና?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አገልግሎት በደረሰበት ሁሉ ወረዳ ላይ ያለ ሰው ስኳርና ካርድ ይገዛበታል። ልብ ወለድ በሰፊው የማይገዛበት በምን ምክንያት ነው?

አሳታሚዎችና ደራሲዎች ስትጠይቋቸው አንድ መልስ አላቸው፤ «በኤሌክትሮኒክ ካወጣነው ይሰረቃል።» ይገርማል። በኤሌክትሮኒክ ያላወጡት ነው እኮ ተሰርቆ ያለቀው! መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይውላል። በሩን ቆልፈው ሲጠብቁ ሌባው በጓሮ ገብቶ ወጥቷል፤ እነርሱ አሁንም ቁልፉን እየዳበሱ ነው። ለመግዛት የመጣው ሰው ብቻ ውጭ ቀርቷል። የወረቀት ዋጋ ሲንር «ሕትመት ከበደን» የሚሉትም እነርሱ ናቸው፤ ወረቀት የማይጠይቀውን መንገድ የሚሸሹትም እነርሱው ናቸው።

ወረቀት ምንም አይሰጥም ማለቴ አይደለም። ያነበበው ሰው በኅዳጉ የጫረው፣ የስጦታ ፊርማው፣ አበድረውት ሳይመለስ የቀረው፣ ይህ ሁሉ ስልክ ላይ የለም። መምህሩ ያጣው ካርቶንም በፋይል አይተካም። ሰላም ወርዶ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ ኪራሙ ላይ መጽሐፍ መደብር ቢከፈት ከሁሉ በፊት የምገዛ እኔ ነኝ። እስከዚያው ድረስ ግን አንባቢው ምን ያንብብ?

አንባቢ ጠፋ ለምትሉ፣ አንባቢው አለ። በጨለማ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ የደበዘዘ ፊደል እየገመተ፣ ገጹን ወዲያና ወዲህ እየጎተተ ያነባል። ይህን ያህል ተቸግሮ የሚያነብ ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ነውር ነው። ንጹሑ ፋይል ያላችሁ አሳታሚዎች፣ መጽሐፉን በሚነበብ ፊደል፣ አቅም በፈቀደ ዋጋ ሽጡለት። ካልሸጣችሁለት ግን ስለ ንባብ መሞት በመድረክ አትንገሩን፤ መንገዱን የዘጋ ሰው እንግዳ አልመጣም ብሎ አያማርርም።