«አሮጌው ገመድ ይውጣ» ስለሚለው አሳብ

ከመሬት በታች የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲያረጅ ምን ይደረግ? ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ተቆፍሮ ይውጣና በአዲስ ይተካ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «እስኪቃጠል ይሥራ፥ ሲቃጠል ይጠገናል» ይላል። ሁለቱ የሚቃረኑ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም በገመዱ ላይ ሳይመረምሩ መፍረዳቸው ነው።

ጥያቄው ለንፋስ ስልክ ላፍቶ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ስሙ ያለ ሽቦ የሚተላለፈውን ስልክ በሚያስታውሰው በዚህ ክፍለ ከተማ ዛሬ ፋብሪካውም፥ ወፍጮ ቤቱም፥ የጀሞና የለቡ መኖሪያ ቤቶችም የሚኖሩት በሽቦ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ምክንያት በብዙ ጎዳናዎች ከምሰሶ የወረደው መስመር ከመሬት በታች ገብቷል። ምሰሶ ሲዘም መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፤ የተቀበረ ገመድ ሕመሙ የሚታወቀው ግን ሰፈሩ ሲጨልም ነው።

የመጀመሪያው መልስ ጉድለት ገመድ ሁለንተናው በአንድ ጊዜ የሚያረጅ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ገመድ የሚደክመው በየቦታው ነው፤ ይልቁንም በመጋጠሚያውና በጫፉ። መጋጠሚያ ሲሠራ አቧራ ወይም እርጥበት ከገባበት፥ ወይም ቢላዋ ሽፋኑን ከጫረው፥ የቀረው ደኅና ሆኖ ሳለ መስመሩ በዚያ ይበላሻል። የ1 ሜትር ሕመም ስለ ታየ 1 ኪሎ ሜትር አስፋልት መቁረጥና በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ገመድ መጣል፥ ጣት ስለ ቆሰለ ክንድን እንደ መቁረጥ ያለ ነው።

አፈሩም መታሰብ አለበት። በደቡባዊው አዲስ አበባ በብዙ ቦታ የሚገኘው መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ያብጣል፤ በዚህም መጋጠሚያውን ይጎትታል። ሲደርቅ ደግሞ የገመዱን ሙቀት በሚገባ አያስተላልፍም። ኤክስ.ኤል.ፒ.ኢ. የሚባለው የፕላስቲክ ሽፋን ያለማቋረጥ እንዲችል የተሠራው እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ መሐንዲሶች በልምድ እንደሚይዙትም ሙቀቱ 8 ወይም 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለዚህ በገመዱ ዙሪያ ተስማሚ አሸዋ መሙላትና ጭነቱን ለሌላ መስመር ማካፈል ከርካሾቹ መድኃኒቶች መካከል ናቸው።

ሁለተኛው መልስ ቁጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን ሒሳቡ ጎደሎ ነው። መስመሩ በተቃጠለ ቁጥር የሚያልፈው ብርቱ ኮረንቲ ሌሎቹን መጋጠሚያዎች ይጎዳል፤ ብልሽቱን ለማግኘት በተደጋጋሚ የሚላከው የከፍተኛ ቮልቴጅ ምት የደከመውን ሽፋን ይብሱን ያደክመዋል፤ ጥገናውም አዲስ መጋጠሚያ ይጨምራል። በ15,000 ቮልት በሚሠራ የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ እርጥበት የዛፍ ቅርንጫፍ መስሎ ቀስ በቀስ ሲያድግም፥ ዝም ብሎ መጠበቅ አያቆመውም።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የሚሠራበት ሌላ ዘዴ አለ፤ በገመዱ የሽቦ ክሮች መካከል ሲሊኮን ነክ ፈሳሽ ይገፋና ወደ ሽፋኑ ሰርጎ ከእርጥበቱ ጋር ይዋሐዳል። ዘዴው የተመሰከረለት ነው፤ ይሁን እንጂ በክሮቹ መካከል ክፍተት ከሌለ አያልፍም፥ ፈሳሹን የሚያግዱ መጋጠሚያዎችም መለወጥ አለባቸው፥ በወረቀት ለተሸፈነ ገመድም አይሆንም። እንግዲህ እርሱም ቢሆን አስቀድሞ የገመዱን ዓይነት ማወቅን ይጠይቃል።

ስለዚህ መቅደም ያለበት መዝገብ ነው፤ ገመዱ የተቀበረበት ዓመት፥ ዓይነቱ፥ የእያንዳንዱም መጋጠሚያ ቦታ። ቀጥሎ ምርመራ ይመጣል። ያረጀ የፕላስቲክ ገመድ በቀጥተኛ ኮረንቲ ከፍተኛ ቮልቴጅ ቢፈተን ፈተናው ራሱ ሊጎዳው ስለሚችል፥ በ0.1 ኸርዝ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ መፈተን ይመረጣል። «መሣሪያውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ መሣሪያ ብዙ ሰፈር ያገለግላል፥ አንድ ጥቅል ገመድ ግን አንድ መንገድ ብቻ። እርጥበት ከዳር እስከ ዳር የገባበት ገመድ ይውጣ፤ ፍርዱ ግን ከምርመራ በኋላ ይሁን።

በ1948 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ማከፋፈሉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። መሥሪያ ቤት ይለወጣል፤ ገመድ ግን በተቀበረበት ይቆያል። ዛሬ የሚቀበረውም ከ30 ወይም ከ40 ዓመት በኋላ አሮጌ መባሉ አይቀርም። ቦታውና መጋጠሚያው ዛሬ ካልተመዘገበ፥ ያን ጊዜም ምርጫው ያው በጭፍን መቆፈር ወይም ጨለማን መጠበቅ ይሆናል።