እረኛውን ማን ያመስግነው?

«ቤብ» የተሰኘው የአውስትራሊያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ብዙ ተመልካች ያሳቀው፣ የውሻን ሥራ የተረከበ አሳማ ነው። ውሾቹ በጎችን በቁጣ፣ ካስፈለገም በንክሻ መንዳት ያምናሉ፤ አሳማው በትሕትና ይለምናቸውና ውድድሩን ያሸንፋል። ጥሩ ትምህርት ነው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን፣ ፊልሙ ውሻን አምቷል።

ቦርደር ኮሊ የሚባለው የበግ ውሻ እንደ ግቢ ውሻ እየጮኸ አይነዳም። ዝቅ ብሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ዓይኑን በጎቹ ላይ ተክሎ ይዞራቸዋል። ጌታው ግራ ቀኙን በፉጨት ይነግረዋል። በጣም ከተጠጋቸው ይበተናሉ፣ ከራቃቸው ይቆማሉ። ሙያው ርቀቱን ማወቅ ነው።

በእኛ አገር ይህን ሙያ የያዘው ልጅ ነው። መንዝ ላይ ውሻው ጅብና ቀበሮ ይጠብቃል እንጂ በግ አይነዳም። ሮጦ የሚመልሰው፣ ከገብስ ማሳ የሚያርቀው፣ በፉጨት የሚሰበስበው ትንሹ እረኛ ነው። እኩዮቹ ፊደል ሲቆጥሩ እሱ በግ ይቆጥራል።

ፊልሙ የሚያልቀው ገበሬው አሳማውን በአጭር ቃል ሲያመሰግነው ነው። እንባ የሚተናነቀንም እዚያ ላይ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ማታ አሥራ ሁለት በግ አሟልቶ ያስገባውን ልጅ ማን «ጎበዝ» ይለዋል? አንዷ ከጎደለች ግን አለንጋ አይጠፋም።

ለአሳማ ያዘንን ሰዎች ለእረኛው ምስጋና ብቻ አይበቃውም። ጎረቤት በጎቹን ቀላቅሎ፣ አዋቂ በተራ ይጠብቅና ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ።