ነፋሱን ማን መከተው?

ስለ ብስክሌት ውድድር የሚጻፍም ሆነ በፊልም የሚቀረጽ ታሪክ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ሊመዘን ይገባል እላለሁ፤ ይኸውም «ነፋሱን ማን መከተው?» የሚለው ነው። «ማን ቀደመ?» የሚለውን ጥያቄ የውድድሩ ዳኛ ይመልሰዋል። ለዚያ ደራሲም፣ ጋዜጠኛም፣ ፊልም ሠሪም አያስፈልግም። የታሪክ ነጋሪ ሥራ የሚጀምረው ዳኛው ወረቀቱን አጥፎ ከሄደ በኋላ ነው። በዚህ መለኪያ ሲመዘን፣ ስለ አማተር ብስክሌተኞች ከተሠሩት ፊልሞች መካከል ስሙ የገነነው «ብሬኪንግ አዌይ» ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። የእኛ የስፖርት ወሬ ደግሞ ከዚያም እምብዛም ፈቅ አላለም።

ነገሩ እንዲገባን ስለ ነፋስ ጥቂት እናውራ። በሜዳ ላይ የሚሮጥ ብስክሌተኛ ዋነኛ ባላጋራው አየሩ ነው። ፊት ሆኖ የሚነዳው አየሩን በደረቱ ይሰነጥቃል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ግን ከድካሙ ሲሶ ያህሉን ይድናል። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች ተራ ይገባሉ። አንዱ ፊት ወጥቶ ጥቂት ይጎትታል፤ ሲደክመው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ሌላው ይተካዋል። እኔ ያደግሁባት አርብ ገበያ ታች ጋይንት ውስጥ ናት፤ የጎረቤታችን የላይ ጋይንት ከተማ ደግሞ ስሟ ራሱ ነፋስ መውጫ ነው። በዚያ አገር ነፋስን የማያውቅ የለም፤ የብስክሌት እሽቅድምድም ግን አይታወቅም። ቢሆንም ሕጉን ለአርብ ገበያ ገበሬ ማስረዳት አያስቸግርም። ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን እናጭዳለን፣ ነገ የኔን። የሰው ጉልበት በልቶ በራሱ ተራ የሚቀር ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሚቀጥለው አጨዳ ጠርቶ የሚያገኘው ሰው የለም።

ወንፈልና ውድድር የሚለያዩት ግን እዚህ ላይ ነው። በወንፈል ሁሉም ማሳ አለው፤ የሁሉም ቀን ይደርሳል። በብስክሌት ውድድር ማሳው አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻው መስመር። አሥር ሰው ያጨደውን አንዱ ይከምረዋል። በዚህ የተነሣ ብስክሌተኛን የሚያበግኑት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከባላጋራ የሚመጣ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ከኋላህ ተለጥፎ አንድም ጊዜ ፊት ሳይወጣ፣ በመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ዘሎ ይቀድምሃል። ሁለተኛው ከገዛ ቡድንህ የሚመጣ ነው፤ እግርህ ሙሉ ጉልበት እያለው፣ ጓደኛህ አምልጦ ፊት ስለ ሄደ ብቻ «አትከተል፣ ሌላውንም አታግዝ» ትባላለህ። ያኔ ለማሸነፍ የሠለጠነ ሰው ላለማሸነፍ ይለፋል።

ባለሙያው ብስክሌተኛ ይህን ለመቻል ደመወዝ አለው፤ ትልቅ ውድድር ያሸነፈ መሪም የሽልማቱን ገንዘብ ለረዱት ጓደኞቹ ማከፋፈሉ የቆየ ልማድ ነው። አማተሩስ? አማተሩ ደመወዝ የለውም፤ የሚከፋፈል ሽልማትም ብዙ ጊዜ የለውም። ድካሙ የሚከፈለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወሬው። «ያን ቀን እገሌ ባይጎትት ኖሮ» ተብሎ ሲነገርለት ሂሳቡ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ የአማተር ውድድር ተራኪ፣ ወደደም ጠላም፣ ከፋይ ነው። ስሙን ዘሎ ካለፈ የሰው ጉልበት በልቶ ቀረ።

«ብሬኪንግ አዌይ» እ.ኤ.አ. በ1979 ተሠራ። አዘጋጁ ፒተር ዬትስ፣ ደራሲው ስቲቭ ቴሲች ነው፤ ቴሲች በዚሁ ድርሰቱ የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል። ርእሱ ከአጀቡ ተነጥሎ ማምለጥ እንደ ማለት ነው። ዴቭ የተባለው ወጣት የሚኖረው በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ብሉሚንግተን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። ጣሊያናውያን ብስክሌተኞችን ከማምለኩ የተነሣ በጣሊያንኛ ይዘፍናል፤ አባቱንም በጣሊያንኛ እየጠራ ያናድዳል። አንድ ቀን እነዚያ የሚያመልካቸው ጣሊያናውያን በቡድን ለውድድር ይመጣሉ። ዴቭ ብቻውን ደርሶባቸው፣ ከጎናቸው ሆኖ በቋንቋቸው ሲያናግራቸው፣ ከእነሱ አንዱ የጎማ መንፊያውን በዴቭ ጎማ ዘንጎች መካከል ሰክቶ ይጥለዋል።

ይህ ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ እውነተኛው ነው። ዴቭን የሚሰብረው መውደቁ አይደለም፤ ብስክሌተኛ ሲወድቅ ይኖራል። የሚሰብረው እነሱን እንደ ወገን ሲያይ እነሱ እሱን እንደ እንቅፋት ማየታቸው ነው። ቡድን ለውስጡ ሰው መጠለያ፣ ለውጭው ሰው ግንብ ነው። ዬትስና ቴሲች ይህን ያለ አንዳች ስብከት፣ በአንዲት የብረት መንፊያ አሳይተውናል።

ከዚህ የበለጠው ግን የአባትየው ታሪክ ነው። አባቱ ዛሬ አሮጌ መኪና ይሽጥ እንጂ ቀድሞ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች የቆሙት እሱና ጓደኞቹ በጠረቡት ድንጋይ ነው። አንድ ምሽት ከልጁ ጋር በግቢው ሲዘዋወር፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለራሳቸው ለጠራቢዎቹ የማይገባ መስሎ እንደ ታያቸው ይነግረዋል። የፊልሙ ልብ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። የሠራው ሌላ፣ ስሙ የሚጠራው ሌላ። ዴቭና ሦስቱ ጓደኞቹ በዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ ውድድር ሲገቡ ለቡድናቸው የሚያወጡት ስም «ጠራቢዎቹ» የሚል መሆኑም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፊልሙ ይህን ያህል ካወቀ በኋላ የመጨረሻው ውድድር ላይ ሲደርስ የሚያደርገውን እንይ። «ሊትል 500» የሚባለው ይህ ውድድር እውነተኛ ነው። አራት አራት ሰው በቡድን ሆኖ በቅብብሎሽ 200 ዙር ይጋልባል። በፊልሙ ውስጥ ዴቭ ሁሉንም ብቻውን ሊወጣው ይነሣል፤ ወድቆ ሲጎዳ ጓደኞቹ ሳይወዱ በግድ ብስክሌቱ ላይ ይወጣሉ። ካሜራው የእነሱን ዙር የሚያሳየን እንደ ጉድለት ነው፤ ሌሎች ሲያልፏቸው፣ ርቀቱ ሲሰፋ። ከዚያ ዴቭ እግሮቹን ከፔዳሉ ጋር በፕላስተር አስጠፍሮ ይመለስና ያሸንፋል። ተመልካች ያጨበጭባል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ነገር ግን የጠራቢዎቹ ፊልም በመጨረሻው ሰዓት የባለ ሕንፃው ፊልም ሆነ።

«ፊልም ጀግና ይፈልጋል» የሚል ይኖራል። ይፈልጋል፤ ግን ከራሱ ከቴሲች ሕይወት የተሻለ ታሪክ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ይህንኑ ውድድር ያሸነፈው ቡድን ኮከብ ዴቭ ብሌዝ የተባለ ተማሪ ነበር፤ ከ200ው ዙር 139ኙን የጋለበው እሱ ነው። ቴሲች ያኔ የዚያው ቡድን አባል ነበር። ልብ በሉ፤ 139 ዙር ግሩም ጀብዱ ነው፤ የቀሩት 61 ዙሮች ግን በራሳቸው አልተሽከረከሩም። ብሌዝ ትንፋሹን የሰበሰበው በእነዚያ 61 ዙሮች ነው። ከኮከቡ ጎን ቆሞ ያየ ሰው ብዕር ሲይዝ እንኳ የጻፈው ስለ 139ኙ ሆነ። የቴሲችን ችሎታ አላንኳስስም፤ የቡድን ድካም ምን ያህል ለመተረክ እንደሚያስቸግር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም ለማለት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ከሯጮቻችን ጋር እነ ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ ያሉበት የብስክሌት ቡድንም ነበረን። በዚያ ውድድር የቡድን ውጤት የሚሰላው የሦስት ሰዎችን ደረጃ በመደመር ነበር፤ ሦስተኛው ሰው ካልደረሰ ቡድን የሚባል ነገር የለም። ስለዚያ ሦስተኛ ሰው ስንት ገጽ ተጽፏል?

በሩጫም ያው ነን። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ በ10,000 ሜትር ፊንላንዳውያኑን ሲያዳክሙ የተጠቀሙበት ዘዴ ጥርት ያለ ወንፈል ነበር። እየተፈራረቁ ፊት ይወጣሉ፣ ያፈጥናሉ፣ ያበርዳሉ። በመጨረሻ ምሩፅ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ ወሰዱ፤ ቶሎሳ አራተኛ ሆነ። ለምሩፅ «ማርሽ ቀያሪው» የሚል ከብስክሌትና ከመኪና የተዋሰ ውብ ስም ወጣለት፤ ይገባዋል። ማርሹ እስኪቀየር ድረስ ሞተሩን ላንቀሳቀሰው ለቶሎሳ ግን ስም አላወጣንም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ አንበሳው ከታሰረ በኋላ የምንጠራው ግን የአንዱን ክር ስም ነው።

በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ውድድር የቡድኑ ጓደኛ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሜንትየስ በጠቅላላ ውጤት 8ኛ ወጣ። እንደ ጽጋቡ ያለ ረዳት ጋላቢ ሥራው ውኃ ማመላለስ፣ ነፋስ መመከት፣ መሪውን ወደ ፊት ማድረስ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ የጎርፍ መከላከያ የሠራን ሰው «ስንት ኩንታል አመረትክ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ጽጋቡ ባለሙያ ስለሆነ ቢያንስ ደመወዙ ነበረው። በየክለቡ ያለ ክፍያ የሚጎትተው ወጣት ግን ከእኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚጠብቀው። ያ ዐረፍተ ነገር ሲቀርበት የሚቀጥለውን ዙር የሚጎትትበት ምክንያት አይኖረውም፤ ወይ ብስክሌቱን ይሰቅላል፣ ወይ ራሱም ከሰው ኋላ መለጠፍ ይለምዳል። ቡድን የሚፈርሰው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ፊልም ለምትሠሩ፣ በራዲዮ ውድድር ለምታስተላልፉ፣ በጋዜጣ ለምትዘግቡ ሁሉ የማቀርበው አቤቱታ አጭር ነው። አሸናፊውን አመስግኑት፤ ፎቶግራፉንም በትልቁ አውጡት። ከሥሩ በምትጽፉት መስመር ላይ ግን ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን የጠጣውን ሰው ስሙን ከነአባቱ አስገቡልን።