የማቆያውን ሒሳብ የሚከፍል ድጎማ

እንግሊዝ ውስጥ «ኬር ቱ ለርን» የሚባል የመንግሥት ድጎማ አለ። ትምህርት ሲጀምር 20 ዓመት ያልሞላው ወላጅ፣ አባትም ቢሆን ዋና አሳዳጊው እሱ ከሆነ፣ የልጁ የሕጻናት ማቆያ ሒሳብ ይከፈልለታል፤ ለአንድ ልጅ በሳምንት እስከ 180 ፓውንድ፣ ለንደን ለሚኖር እስከ 195።

ገንዘቡ ደህና ነው፤ ይበልጥ የወደድኩት ግን ዝርዝሩን ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ሕጻን ታቅፎ የተንከራተተ ይመስላል። የማስያዣና የመመዝገቢያው ክፍያ ይሸፈናል። ልጁ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ እስከ 5 ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ አለ፤ እናቱ ጉያ ሥር የከረመ ልጅ በአንድ ጠዋት መቼ እሺ ይላል! ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ቦታው ለሌላ እንዳይሰጥ የሚከፈለው እንኳ አልተረሳም። ክፍያው በቀጥታ ለማቆያው ስለሚገባ ተማሪዋ ደረሰኝ ይዛ ደጅ አትጠናም።

ጠበቅ የሚለው የዘመድ ጉዳይ ነው። አያት የምትከፈለው የተመዘገበች ሕጻን ጠባቂ ሆና የባዕድ ልጆችም ስትይዝ፣ ደግሞም ከወላጁና ከልጁ ተለይታ ስትኖር ነው። እኛ ዘንድ አያት እያለች ማን ማቆያ ይፈልጋል ሊባል ይችላል። ግን የወለደችው የ17 ዓመት ልጅ ከሆነች እናቷ ገና 40 ላይሞላት ይችላል፤ እሷም በጠዋት ሥራ ገቢ ናት።

ተማሪዋ ትምህርቱን ካቋረጠች ክፍያው ይቆማል። ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ ልጅ አሞት ከትምህርት ለተቀረበት ቀን ደንቡ ለስለስ እስካለ ድረስ።