ምስክር ወይስ አዝማሪ?

የሩጫ ውድድር የሚያስተላልፍ ሰው ማዳላት ይገባዋልን? ጥያቄው በሰላሙ ቀን ሲነሳ አብዛኞቻችን ሳናመነታ «ጋዜጠኛ ነውና አያዳላ» እንላለን። የውድድሩ ዕለት፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ግን፣ ያው እኛው አስተላላፊው ካልጮኸልን፣ ካልፎከረልን፣ «አይዞሽ እህቴ፣ በርቺ!» ካላለልን እንቀየመዋለን። «ምነው ይሄ ሰውዬ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ ያለው?» እንላለን። እንግዲህ ከአንድ ሰው ሁለት የማይስማሙ ነገሮች እንፈልጋለን ማለት ነው፤ እንዲመሰክርልንም፣ እንዲያወድሰንም። እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ አንደበት መኖር ይችላሉ ወይ? የሚችሉ ከሆነስ ማን ለማን ይታዘዝ? ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ይህንን ነው።

ፉከራውን ከየት አመጣነው ቢባል ሩቅ መሄድ አያሻም። የእኛ አገር እሽቅድምድም ጥንቱ ፈረስ ነው። ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ዛሬም ቢሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር የተገኘ ሰው፣ ፈረስ ሲጋልብና ሰው ሲፎክር አንዱ ከሌላው እንደማይነጠል ያያል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚዘክረውም ፈረሶች ለአገር ነጻነት የዋሉትን ውለታ ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ አወዳሹ አዳላ ብሎ የሚከስ የለም። አዝማሪ የቆመለት ጌታ እንዳለው፣ ለሸለመው እንደሚያዜም ሁሉም ያውቃል፤ አድማጩም ግጥሙን የሚሰማው ይህንኑ ቀንሶ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ «ማን ቀደመ?» ብሎ ለመጠየቅ ወደ አዝማሪው የሚሄድ ሰው አልነበረም። ውዳሴ ሌላ፣ ምስክርነት ሌላ ነበር።

ሬዲዮ ሲመጣ ግን ሁለቱ በአንድ አፍ ላይ ወደቁ። በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ስታዲየም ለመግባት ያልታደለው ሕዝብ ዓይኑ ሬዲዮ ነበር። እነ ሰሎሞን ተሰማ፣ ከዚያም እነ ደምሴ ዳምጤ በየዘመናቸው ለሚሊዮኖች ዓይን ሆነዋል። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትተን የሴካፋን ዋንጫ ስናነሳ የነበረውን የደምሴን ድምፅ ያስታወሰ ሰው፣ ጨዋታውን ሳይሆን ድምፁን ነው የሚያስታውሰው። ያ ድምፅ ለማን እንደሚጮኽ ማንም አልተጠራጠረም፤ ማንም አልተቀየመም። እኔም አልቀየምም። ነገር ግን ዓይን የሆነ ሰው ከሌላው ሰው ሁሉ የበለጠ ዕዳ እንዳለበት መዘንጋት የለብንም። በሬዲዮ የሚሰማ ሰው አስተላላፊው ያላየውን አያይም፤ አስተላላፊው የዘለለውን እሱም ይዘለዋል።

ወደ ፈረሱ እንመለስ። በእንግሊዝ አገር ፒተር ኦሱሊቫን የሚባል የቢቢሲ አስተላላፊ ነበር። ግራንድ ናሽናል የተባለውን ትልቁን የፈረስ ግልቢያ ውድድር ሃምሳ ጊዜ አስተላልፎ እ.ኤ.አ. በ1997 ከሥራው ተሰናበተ። በዚያ ውድድር አንዳንዴ ከአርባ በላይ ፈረስ ይሰለፍ ስለነበረ፣ አስተላላፊው የእያንዳንዱን ጋላቢ የልብስ ቀለም አስቀድሞ በቃሉ ይይዛል፤ ሁሉም ተቀላቅለው ሲሮጡ በቀለሙ ለይቶ ይጠራቸዋል። ሰዎች ገንዘብ የሚያሲዙት በመሪው ፈረስ ላይ ብቻ አይደለም፤ አሥራ አራተኛ ሆኖ በሚንደፋደፈው ላይም የልጆቹን የምሳ ገንዘብ ያስያዘ አለ። ያም ሰው የፈረሱን ስም መስማት መብቱ ነው። ስለዚህ በፈረስ ግልቢያ ማዳላት የጠባይ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ካንዱ ኪስ ወስዶ ለሌላው እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ታዲያ ይህ ኦሱሊቫን ራሱ ፈረስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1974 አቲቮ የተባለው የገዛ ፈረሱ ቸልተናም ላይ በትልቅ ውድድር ሲሮጥ፣ የሚያስተላልፈው ባለቤቱ ኦሱሊቫን ነበር። ፈረሱ አሸነፈ። ሰውየው በተለመደው ድምፁ አንደኛ የወጣውን ፈረስ ስም ጠራ፤ ባለቤቱም ፒተር ኦሱሊቫን መሆኑን እንደ ማንኛውም ባለቤት ስም አክሎ ተናገረ፤ ወደ ሁለተኛውም አለፈ። የሰውየው ልብ በዚያች ደቂቃ ምን ያህል ይመታ እንደነበር ለመገመት ፈረስ መግዛት አያስፈልግም።

«የእንግሊዝ ቅዝቃዜ ለእኛ አይሆንም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው። እኔም ቅዝቃዜውን አልተመኘሁም። ይልቅስ ከሌላኛው ጫፍ አንድ ምስክር ልጥራ። እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም ዋንጫ አርጀንቲናና እንግሊዝ ሲገጥሙ፣ ለአርጀንቲናውያን በሬዲዮ ያስተላልፍ የነበረው ቪክቶር ሁጎ ሞራሌስ ነው፤ ትውልዱ ግን ዩራጓያዊ ነው። ማራዶና ተከላካዮችን ሁሉ አልፎ ሁለተኛዋን ጎል ሲያስቆጥር ሰውየው በሬዲዮ አለቀሰ፤ ያ ልቅሶ እስከ ዛሬ ይደመጣል። ብዙ ሰው የማያነሳው ግን ከዚያ አራት ደቂቃ ቀድሞ የሆነውን ነው። የመጀመሪያዋ ጎል ስትገባ ሞራሌስ ጎሏን በነፍሱ እየጮኸላት፣ በዚያው ትንፋሽ ለእሱ እንደታየው ኳሷ በእጅ እንደገባች ለአድማጮቹ ነገራቸው። ለሚወደው ቡድን ጮኸ፤ ለሚወዱት አድማጮች ግን አልዋሸም። የሁለቱ ሥራዎች ድንበር ይኸውላችሁ። ድምፅ ያዳላ፤ ቃል አያዳላ።

አሁን ወደ ራሳችን ሩጫ እንምጣ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በአሥር ሺህ ሜትር የቀደመው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው፤ 27 ደቂቃ ከ18.20 ለ27 ደቂቃ ከ18.29። ያ ድል ታላቅ የሆነው በማን ምክንያት ነው? በቴርጋት ምክንያት ነው። ሩቅ ቦታ ተስፈንጥሮ ካልወጣ፣ ካላስጨነቀ፣ ሊያሸንፍ ካልተቃረበ፣ የኃይሌ ድል ምን ይሆን ነበር? ስለዚህ ተቀናቃኙን «ኬንያዊው» ብሎ በደፈናው የሚያልፍ፣ ስሙን የሚያበላሽ፣ አሯሯጡን የማያሳይ አስተላላፊ ለኃይሌ ያዳላ ይመስለዋል እንጂ የኃይሌን ድል እየሰረቀው ነው። ያልታየ ባላጋራ የታየን ጀግና አያተልቅም።

ማዳላት በራሳችን ልጆች መካከልም አለ። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ቀነኒሳ በቀለ፣ ስለሺ ስህንና ኃይሌ አብረው ሮጡ። የሁላችንም ልብ ከኃይሌ ጋር ነበር፤ ወጣቶቹ ራሳቸው ወደ ኋላ እየዞሩ ያዩት ነበር። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ። ነሐሱንስ? ነሐሱን የወሰደው ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ነው፤ ለአገሩ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ። ከእኛ ጋር አንድ ቋንቋ፣ አንድ ደጋ፣ አንድ መራራ ታሪክ ከሚጋራ አገር የመጣ ልጅ ታሪክ ሲሠራ፣ ከመካከላችን ስንቱ ነው ዛሬ ያንን የሚያስታውሰው? ፍቅራችን ዓይናችንን ወደ አንድ ቦታ ብቻ ሲጎትተው የሚያስከፍለን ይህንን ነው። ፓሪስ ላይም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የወንዶች ማራቶን ሲጀመር ወሬው ሁሉ ስለ ቀነኒሳ ነበር። ያሸነፈው ግን ሲሳይ ለማን ተክቶ በተጠባባቂነት የገባው ታምራት ቶላ ነው። ለታዋቂው ያዳላ ዓይን ተጠባባቂውን ዘግይቶ ያያል።

በማግሥቱ፣ እሑድ ነሐሴ 5 ቀን፣ የሴቶቹን ማራቶን ያየሁት እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አጠና ተራ አካባቢ ካለ አንድ ሻይ ቤት ነው። ፍልሰታ ነበርና ገሚሱ ሰው ጾመኛ ነው፤ ሻዩም ሳይታዘዝ ቤቱ ሞልቷል። በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ትዕግሥት አሰፋና ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በመታጠፊያው ላይ ተጋጩ። ሲፋን 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገብታ አሸነፈች፤ ትዕግሥት በሦስት ሰከንድ ተቀደመች። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። «ገፋቻት!» የሚለው ጎራ በረታ። ከጥግ ደግሞ አንድ ሽማግሌ፣ «ቆይ ልጄ፣ የገፋችውስ የማን ልጅ ናት? አዳማ የተወለደች አይደለችም እንዴ?» አሉ። የሚመልስላቸው ጠፋ። የኢትዮጵያ ቡድን ያቀረበው አቤቱታ በኋላ ውድቅ ሆነ።

የሽማግሌው ጥያቄ ለአስተላላፊም የሚቀርብ ነው። ላዳላ ያለ አስተላላፊ በዚያች ቅጽበት ለማን ሊያዳላ ነው? ለባንዲራው ነው? ለአፈሩ ነው? በአሥራ አምስት ዓመቷ ተሰዳ ለወጣችው ልጅ ነው ወይስ አገሯን ይዛ ለቀረችው? አድልዎ ቀላል የሚመስለው «የእኛ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ቁርጥ ያለ ሲመስለን ብቻ ነው። ያኔ አስተላላፊው ሊይዘው የሚችለው አንድ አስተማማኝ ነገር ያየውን መናገር ነው፤ ማን ከየት በኩል መጣ፣ የውስጡን መስመር ማን ያዘ፣ ክርን ከክርን እንዴት ተነካካ። ፍርዱን ለዳኞች፣ ቁጣውን ለሻይ ቤቱ ይተው። ሻይ ቤት ቁጣ አጥቶ አያውቅም።

ነገሩን ከሩጫ ያለፈ የሚያደርገው ይህ ነው። «ተበደልን» የሚለውን ቃል ከማየት አስቀድሞ የሚናገር አስተላላፊ፣ በየሰፈሩ ስክሪን ሥር ቁጢጥ ብሎ ለሚያየው ልጅ የሚያስተምረው አንድ ትምህርት ነው፦ እኛ ስናሸንፍ በጉልበታችን፣ ስንሸነፍ በሌላው ተንኮል። ይህ ልጅ ነገ ክለብ ይደግፋል፤ ከነገ ወዲያ ሌላም ነገር ይደግፋል። በየእግር ኳስ ሜዳችን ደጋፊ ከደጋፊ ሲደባደብ አይተናል፤ ድብድቡ የሚጀምረው ከድንጋዩ ሳይሆን ከትርክቱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለየወገኑ ብቻ የሚያይ ዓይን በሞላበት አገር፣ ያየውን ሁሉ የሚናገር አንድ ድምፅ በሩጫ ሰዓት እንኳ ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ በእኔ በኩል ፍርዱ ይህ ነው። አስተላላፊያችን ይጩኽ፤ ሲከፋው ይክፋው፤ ድምፁ ይሰበር፤ እንባውም ይምጣ። የፈረስ አገር ሰው ነውና ፉከራው ደሙ ውስጥ አለ፤ አውጣው ብንለውም አይወጣለት። ከዚያ በፊት ግን ማን እንደመራ፣ ማን እንደተከተለ፣ ተቀናቃኙ ስሙ ማን እንደሆነ፣ የእኛውም ልጅ ብታጠፋ ጥፋቷን ይንገረን። መጀመሪያ ይመስክር፤ ከዚያ ያዚም። ምስክርነቱን አስቀድሞ የከፈለን ሰው ዜማው አይከብደንም፤ ምስክርነቱን ሳይከፍል የሚያዜም ግን ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው ሲባል እፍረቱ የሚተርፈው ለእኛም ለአድማጮቹ ነው።