ውሃውን አሳድሩት

ቆቦ ሜዳ ላይ የሶላር ፓምፕ የሚያስተክል ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ማታም እንዳጠጣ ባትሪ ጨምርበት።» ፍላጎቱ ይገባኛል። በራያ ቆላ የቀትር ፀሐይ ላይ ሽንኩርት ማጠጣት ውሃን ለትነት መስጠት ነው። መልሴ ግን ስሌት ነው።

50 ሜትር ኩብ ውሃ ከ60 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት፣ የፓምፑ ብቃት ግማሽ ቢሆን፣ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ የሚይዘው 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ዕድሜው እንዳያጥር ደግሞ ከግማሹ በላይ አይወሰድበትም። ስለዚህ ለአንድ ማታ ብቻ 14 ባትሪ ሊገዛ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንደገና። ያንኑ ውሃ ቀን በፀሐይ ስቦ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ባለ ገንዳ ማሳደር ግን ድንጋይና ሲሚንቶ ነው የሚፈልገው። ማታ መዝጊያውን መክፈት ነው፤ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ማሳው ይወርዳል።

በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከመብራት መስመር ጋር ለተያያዙት ጥልቅ ጉድጓዶችም ምክሬ ይኸው ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ የጠብታ መስኖውም ይደርቃል፤ የሞላ ገንዳ ያለው ግን ቲማቲሙን ያተርፋል።

አገሪቱ ራሷ የምትሠራው ይህንኑ ነው። የአዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ ነፋሱ ሲበረታ ግድቦቹ ውሃቸውን ይቆጥባሉ፣ ሲረግብ ይለቃሉ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የህዳሴ ግድብ ለእኔ ከሁሉ በፊት የኃይል ማከማቻ ነው። ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፀሐይ የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎችም ቀን በረዶ ይሠሩና ሌሊቱን በእርሱ ይዘልቃሉ።

ለመብራት፣ ለስልክና ለሬዲዮ ግን ባትሪ የግድ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የአሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ ባትሪ ክዳኑ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ሰሌዳዎቹ ከፈሳሹ በላይ ወጥተው፣ ነጣ ብለው ይታያሉ። ያን ጊዜ የጉድጓድ ውሃ ወይም አሲድ የሚጨምር ሰው አለ፤ ሁለቱም ይገድሉታል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ ያውም ሰሌዳዎቹ ሳይጋለጡ በፊት። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ፣ ምንም ነገር ሳይበራ በቮልት መለኪያ ለኩት፤ 12.7 ሙሉ ነው፣ 12.1 ሲደርስ ግማሹ አልቋል። ጥላና ነፋሻ ቦታ ምረጡለት።

ሶላር ልታስገቡ ያሰባችሁ የራያ ገበሬዎች፣ ከሻጩ ጋር ስለ ባትሪ ብዛት ከመነጋገራችሁ በፊት ማታ የምትፈልጉት መብራት ይሁን ውሃ ለዩ። ውሃ ከሆነ ገንዘባችሁን ገንዳው ላይ አውሉት።