እንዚራውን አትንኩት

በገና ለማስቀዳት ስቱዲዮ የሚገባ ደርዳሪ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይሄ እዝ እዝ የሚለው ድምፅ ትንሽ ይቀነስ?» የድምፅ ባለሙያው ክፋት የለበትም። ሻካራ ድምፅ ጉድለት ነው ተብሎ ስለተማረ ያጸዳል። ከጸዳ በኋላ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ክራር ይሁን ጊታር የማይለይ ነገር ይወጣል፤ ባዶነቱን ለመሙላት ኪቦርድ ይጨመርበታል። በዐቢይ ጾም ሰሞን ከሚወጡት አልበሞች ውስጥ ይህ የደረሰባቸው ጥቂት አይደሉም። ይህን ልማድ የምቃወመው ጥንቱ ይጠበቅ ለማለት ብቻ አይደለም። የበገና ክብደት ያለው እዚያው ሻካራው ድምፅ ውስጥ ነው።

በገና 10 አውታር አለው፤ ከበግ አንጀት የሚፈተል ወፍራም ጅማት። አውታሮቹ በርኩማው ላይ ሲያልፉ በእያንዳንዳቸውና በእንጨቱ መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ እንዚራ የምንላት እሷን ነው። ደርዳሪው ከቅኝቱ ባልተናነሰ የሚደክመው በእሷ ነው። በጣት ጫፍ ገፋ ሳብ እያደረገ፣ አውታሩን እየመታ፣ ጅማቱ እንጨቱን ነካ ለቀቅ እያለ መንዘር የሚጀምርበትን ቦታ ይፈልጋል። ቦታውን ስትስት ድምፁ ደርቆ ቶሎ ይሞታል፤ ስትይዝ ግን ከታች ካለው ወፍራም ድምፅ በላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይነሡና አንዱ ምት ረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህ ሁሉ ድካም ለአጋጣሚ ጉድለት አይደረግም። ሕንዶችም ታንፑራ በሚሉት መሣሪያቸው አውታር ሥር የጥጥ ክር የሚያስገቡት ይህንኑ ንዝረት ፈልገው ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታርም በሌላ መንገድ እዚሁ ደርሷል። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲጫን የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጥና ሻካራ ይሆናል። የብላክ ሳባት ባንድ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በፋብሪካ አደጋ የጣቶቹን ጫፍ ካጣ በኋላ አውታሮቹን አላልቶ ዝቅ ባለ ቅኝት መጫወቱ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ ይበልጥ አከበደው። ከቺካጎ አካባቢ የተነሣው ትራብል የተባለው የሜታል ባንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ይህንኑ ጭቃ እየረገጠ እንደሚሄድ ሰው የሚጎተት ክብደት ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ጋር አገናኘው። አልበሙ በኋላ «መዝሙር 9» በሚል ስም ታወቀ። የዳዊት መዝሙር ማለት ነው፤ እኛም በገናን የወረስነው ከዚያው ከዳዊት ነው እንላለን። ሁለቱ ወገኖች ሳይተዋወቁ፣ ስለ ኀጢአትና ስለ ሞት ለመናገር ዝግ ያለ፣ ዝቅ ያለና ሻካራ ድምፅ መረጡ።

«ቅዱሱን መሣሪያ ከጩኸት ጋር ታወዳድራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሜታል በሕዝብ መካከል በጉልበት ይጮኻል፣ በገና ግን አንድ ሰው ለብቻው ተቀምጦ የሚደረድረው ዝግተኛ ድምፅ ነው። በቅዳሴና በማኅሌትም ቦታ የለውም፤ የማኅሌቱ ባለቤቶች ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። ንጽጽሩ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ክብደት ከጩኸት አይመጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ንዝረቱ ግጥሙን ይሸፍናል የሚለው። ነገር ግን የበገና ግጥም አጭር ነው፣ ይደጋገማል፣ ድምፁም ለንግግር የቀረበ ነው። በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ አገር፣ ቅኔ በሚቆጠርበት ጎጃም፣ አድማጭ ወርቁን ለመፈለግ ጆሮውን አዘንብሎ መጠበቅን ያውቅበታል። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ኢትዮጲክስ በተባለው የአልበሞች ተከታታይ ቁጥር 11 ላይ ከድምፁና ከበገናው በቀር ምንም አልጨመረም፤ ንዝረቱም ቃሉም ይሰማሉ። ቃሉ ከጠፋ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማስጠጋት ይበቃል።

«ዘመኑ የስልክ ነው» የሚሉም አሉ። እንዲያውም ስልክ ለእኔ ይመሰክራል። ትንሿ ድምፅ ማውጫ የበገናን የታች ድምፅ አታወጣውም፤ ጆሯችን ያንን ወፍራም ድምፅ የሚገምተው ንዝረቱ ከፈጠራቸው የላይ ድምፆች ነው። እነሱን ያጸዳ ሰው በስልክ ለሚሰማው አድማጭ በገናውን ራሱን አጠፋበት።

በራሳችሁ ገንዘብ አልበም የምታዘጋጁ ወጣት ደርዳሪዎች፣ ከመቀዳታችሁ በፊት የእንዚራውን ጉዳይ ከባለሙያው ጋር ተነጋገሩበት። ማጣሪያው ይዘጋ፣ ኪቦርዱም ይቅር። «ይቀነስ?» ሲላችሁ «አይቀነስ» በሉት።